ደዋዩ እኔ ነበርኩ

ለረጅም ጊዜ እንጀራዬ መደወል ነበር። በአንድ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት የስምሪት ክፍል ተቀምጬ ከጅቡቲ ወደብ ጭነው የሚመጡ ተሳቢዎችን እከታተል ነበር። «እከታተል ነበር» ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ሥራው ግን ጠዋት ገብቶ የሹፌሮቹን ቁጥር ከላይ እስከ ታች እየደወሉ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ የት ደረሳችሁ? ጋላፊን አለፋችሁ? ሚሌ ላይ ማን ቆመ? ሞጆ ደረቅ ወደብ ለማታ ትገባላችሁ? መልሱን ሰንጠረዥ ላይ እሞላለሁ፣ ሰንጠረዡን አለቃዬ ያየዋል፣ አለቃዬን የዕቃው ባለቤት ይጠይቀዋል። ከሰዓት በኋላ ዙሩ እንደገና ይጀመራል።

ስለ ስልክና ስለ መኪና ሲወራ ጣት የሚቀሰረው ሁልጊዜ መሪ በያዘው ላይ ነው። «እያሽከረከራችሁ ስልክ አታውሩ» ይባላል በሬዲዮ፤ ትራፊክ ፖሊሱም ይኸንኑ ይላል። ምክሩ ልክ ነው። እኔም ስብሰባ ላይ ሹፌሮችን ሰብስቤ ይኸንኑ ምክር ደጋግሜያለሁ። ከስብሰባው ወጥቼ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ደግሞ ለእነዚያው ሹፌሮች፣ መንገድ ላይ መሆናቸውን እያወቅሁ፣ እደውላለሁ። ሁለቱ ነገሮች እንደሚጣሉ አልታየኝም ነበር።

ያሳየኝ ሰው ጋሼ የምላቸው ሹፌር ናቸው። ስማቸውን እዚህ አላነሳም። የአሰብን መንገድ ጭምር የሠሩ፣ መኪናቸውን ሲያቆሙ ጎማውን በእግራቸው ሳይነኩ የማይሄዱ የድሮ ሹፌር ነበሩ። የዚያን ቀን ኮንቴይነር ጭነው ከገዋኔ ወደ አዋሽ እየመጡ ነው። ቢሮ ውስጥ ደግሞ የዕቃው ባለቤት አጠገቤ ቆሟል። እኔ ጋ የተመዘገበው የኮንቴይነር ቁጥርና እሱ የያዘው ሰነድ አልገጠሙም። የኮንቴይነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ነው፤ አንዱ ከተዛነፈ ጉምሩክ ላይ ጣጣው ብዙ ነው። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ደኅና ዋሉ? የኮንቴይነሩን ቁጥር ከወረቀቱ ላይ ያንብቡልኝማ።»

«እየነዳሁ ነው ልጄ። ቆም ብዬ ልደውልልህ?»

«ሰውየው አጠገቤ ቆሟል። አንድ ደቂቃ ነው።»

ስልኩን በጆሯቸውና በትከሻቸው መሀል እንደያዙት ከድምፃቸው ያስታውቃል፤ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽም ይሰማኛል። ረዳታቸው ሊያነብላቸው ይችል ነበር፤ ግን ሌሊቱን ጎማ ሲቀይር አድሮ ጋቢናው ውስጥ አሸልቧል። ፊደሎቹን ጨርሰው አሃዞቹን ሲያጋምሱ የረዳቱን ጩኸት ሰማሁ። «ግመል! ግመል!» እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ነበር። «እሺ፣ ከዚያስ?» አልኩ።

ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ እነዚህ ሁለት ቃላት አይረሱኝም።

ሰው አልሞተም። ሁለት ግመሎች ሞቱ፤ ተሳቢው ከመንገድ ወጥቶ በጎኑ ተኛ፤ የጋሼ እግር፣ የረዳቱ ክንድ ተሰበረ። የግመሎቹ ካሳ በአገር ሽማግሌ ተጨረሰ። የአደጋውን ሪፖርት ቅጽ የሞላሁት ደግሞ እኔው ነኝ። «የአደጋው መንስኤ» የሚል ክፍት ቦታ አለው። «የአሽከርካሪው የጥንቃቄ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩበት። ውሸት አልጻፍኩም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ጋሼም ለፖሊስ የስልኩን ነገር አላነሱም፤ ቢያነሱ ጥፋቱ የሚከብደው በራሳቸው ላይ ነው። እንደማያነሱ አውቅ ነበር፤ ተጠቀምኩበት።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ይቅርታ ለማለት ስንተባተብ አቋረጡኝ። «ባላነሳው ምን ትለኝ ነበር?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ነው የጠየቁኝ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ክፍላችን ውስጥ ስልክ የማያነሳ ሹፌር ስሙ አጠገብ ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ ሲደጋገም የሚቀጥለው ጥሩ ቢያጆ ለሌላ ይሰጥበታል። ምልክቱን የማደርገው እኔ ነኝ። በአንድ እጄ «ስልክ አታንሱ» የሚል ማስታወቂያ እለጥፋለሁ፣ በሌላው ያላነሳውን እቀጣለሁ።

ከሆስፒታሉ መልስ ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኩት። ሰማኝና፣ «አሁን ይህን ብታነሳ ኢንሹራንሱን ነው የምታወሳስበው፤ ተወው» አለኝ። ተውኩት። ጋሼ እግራቸው ድኖ ሲመጡ የቅርብ መንገድ ተሰጣቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ለቀቁ። ሪፖርቱ እስከ ዛሬ በእኔ ፊርማ እንደተጻፈ አለ።

ስለ ጉዳዩ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ያነበብኩትም ጥሩ አድርጎ መታኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዶናልድ ሬደልማየርና ሮበርት ቲብሺራኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በካናዳ ቶሮንቶ ግጭት የደረሰባቸውን፣ ስልክ ያላቸውን 699 አሽከርካሪዎች አጠኑ። ሹፌሮቹን በመጠየቅ ብቻ አላበቁም፤ የስልክ ጥሪ መዝገባቸውን አስወጥተው ጥሪውን ከግጭቱ ሰዓት ጋር አስተያዩት። በስልክ በሚያወሩበት ጊዜ የመጋጨት ዕድላቸው በአራት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ አገኙት። የጋሼ የጥሪ መዝገብ ቢወጣ በዚያች ደቂቃ የሚገኘው የቢሮዬ ቁጥር ነው። የሁለቱ ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል፦ ስልኩን በእጅ አለመያዝ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። በማዳመጫ የሚያወራውም በእጁ ይዞ ከሚያወራው የተሻለ ጥበቃ አላገኘም።

ይህ እኛ አገር በጣም የሚዘነጋ ነገር ነው። ሕጉ በእጅ መያዝን ይከለክላል፤ ሹፌሩ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ይሰካና «ተገላገልኩ» ይላል። እጁ ተገላገለ እንጂ ሐሳቡ አልተገላገለም። ዓይን መንገዱ ላይ ተተክሎ ያየውን ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል። በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ ይህን ለዓመታት መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት አንዱ ጥናታቸው ለእኔ የተጻፈ እስኪመስለኝ ድረስ ገረመኝ። በመንጃ ማስመሰያ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ከፊሎቹ አጠገባቸው ከተቀመጠ ጓደኛ ጋር፣ ከፊሎቹ በስልክ እያወሩ ነዱ፤ ሁሉም የተነገራቸው ቦታ ላይ ከአውራ ጎዳናው መውጣት ነበረባቸው። በስልክ ካወሩት ግማሽ ያህሉ መውጫውን ስተው አለፉ። ከጓደኛ ጋር ያወሩት አብዛኞቹ ወጡ። ጓደኛ መንገዱን አብሮ ያያል፤ ጠበብ ሲል ዝም ይላል፣ አደጋ ሲመጣ ይጮኻል። ከሩቅ የሚያወራው ሰው ምንም አያይም። እንቅልፋሙ ረዳት ዓይኑን በገለጠ ቅጽበት «ግመል!» አለ፤ እኔ ግን ነቅቼ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ «ከዚያስ?» አልኩ።

«አንድ ደቂቃ ነው» ማለቴንም አሰላሁት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ደቂቃ ከ1,300 ሜትር በላይ ይጓዛል። ወረቀት ላይ ለአምስት ሰከንድ ማቀርቀር ደግሞ 111 ሜትር ሳያዩ መሄድ ነው። ይህ የጭነት ክብደት ሳይታሰብ ነው፤ ኮንቴይነር የተሸከመ ተሳቢ ፍሬን ስለተረገጠ ብቻ ወዲያው አይቆምም።

ከዚያ ወዲህ የሰዉን አደዋወል እታዘባለሁ። እኛ ስልክ ስናወራ ወደ ጉዳዩ ቶሎ አንገባም። ደኅና ነህ? ቤት ሁሉ ደኅና? እናትህስ ተሻላቸው? ይህ ወግ የሚያሳፍር አይደለም፤ እኔም እወደዋለሁ። መሪ የያዘ ሰው ላይ ሲሆን ግን ሰላምታው ራሱ ኪሎ ሜትሮችን ይበላል። አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት፤ አብዛኛው ሰው አድራሻውን በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይናገርም። በስልክ የጠራችሁት የታክሲ ሹፌር እናንተ ጋ እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ጊዜ «ማደያውን እንዳለፍክ፣ ከፋርማሲው አጠገብ ወደ ውስጥ ገባ በል» መባሉ አይቀርም። ይህ ሁሉ ሲነገረው ሰውየው እየነዳ ነው። የሚነግረው ደግሞ ሻዩን እየጠጣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ለምን እንደዘገየ ይበሳጫል። እኔ ተበሳጭቼ አውቃለሁ።

በሌላ በኩል ቃል ሰውን ሊጥል እንደሚችል ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው መንገድ ላይ ከሆነ «እናትህ ትንሽ አሟቸዋል፤ ቀስ ብለህ ና» ይባላል እንጂ እውነቱ አይነገረውም፤ ቤት ገብቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። ለትልቁ ነገር ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ ለትንሹ ነገር፣ ለኮንቴይነር ቁጥር፣ ሹፌርን ያጣድፋል።

በኋላ ወደ ሌላ ድርጅት ተዛውሬ የስምሪት ኃላፊ ስሆን ደንቡን ገለበጥኩት። ከቢሮ ወደ ሹፌር መደወል ቀረ፤ ሹፌሩ ሲቆም እሱ ይደውላል። የሚቆምባቸው ቦታዎች እንደሆኑ የታወቁ ናቸው፦ ጋላፊ፣ ሎግያ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ፣ መተሐራ። መኪኖቹ ላይ ጂፒኤስ አለ፤ መኪናው የት እንዳለ ስክሪኑ ላይ ይታያል። የሚያሳዝነው ጂፒኤሱ ከመጣም በኋላ ሰው መደወሉን አልተወም፤ ስክሪኑ ላይ ያየውን ከሹፌሩ አፍ መስማት ይፈልጋል። የሰነድ ቁጥር ሁሉ ከወደብ ከመውጣቱ በፊት ፎቶ ተነሥቶ ይላካል፤ እያሽከረከረ ቁጥር የሚያነብ ሹፌር አይኖርም። «ስልክ አያነሳም» የሚለው ምልክትም ተሰረዘ።

በአንድ ጊዜ ግን አልሠራም። የዕቃ ባለቤቶች «ሹፌሩን አገናኙኝ» እያሉ ጮኹብኝ፤ አንዳንዶቹ የሹፌሩን ቁጥር በጎን ተቀብለው ራሳቸው ደወሉ። በአፋር በኩል ኔትወርክ የሚጠፋበት መንገድ አለ፤ ሹፌሩ ኔትወርክ ያገኘ ለት ሳይቆም ስልኩን አፈፍ ያደርጋል። «ረዳቱ ያንሳ» ብለን ስናዝ ደግሞ ረዳቱ ስልኩን አንሥቶ ሹፌሩ ጆሮ ላይ ይይዝለት ጀመር! ሹፌሮችም ከቢሮ በላይ ከቤታቸው፣ ከወዳጃቸው፣ ከቲክቶክም ጋር ጉዳይ አላቸው፤ ይህን ሁሉ በደዋይ ማላከክ አይቻልም። ቢሆንም ቢሮው መደወሉን ሲያቆም ለሹፌሩ የሚደወልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይቀንሳል። ዘመናዊ ስልኮችም ሲነዳ ጥሪን ዝም የሚያሰኝና መልእክት ለላከ ሰው «እያሽከረከርኩ ነው» የሚል ምላሽ በራሱ የሚልክ ቅንብር አላቸው፤ አይፎን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለ። ለሹፌሮቼ ይህን ሳሳያቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አንተ ራስህ አትቀየምም?»

ሕግን በተመለከተ የሌሎችን ስመለከት በጣም የወደድኩት የአሜሪካኖቹን ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2012 ጀምሮ የከባድ ጭነትና የአውቶቡስ ሹፌሮች ስልክ በእጃቸው እንዳይዙ ሲከለከል፣ ሹፌሩ እስከ 2,750 ዶላር፣ እንዲይዝ የፈቀደ ወይም ያስገደደ አሠሪ ግን እስከ 11,000 ዶላር እንዲቀጣ ተደነገገ። ቅጣቱ ከጋቢናው አልፎ ቢሮ ገባ ማለት ነው። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ስልክ የያዘ እጅን የሚለዩ ካሜራዎች መንገድ ላይ ተክላለች፤ ጥሩ ነው። ካሜራው የሚያየው ግን የሚነዳውን ብቻ ነው። በእኔ ግምት እኛን ይበልጥ የሚጠቅመን አሠሪውን የሚጠይቀው ሕግ ነው። እኔን ያኔ አንድ ሰው «የሹፌሩ ቅጣት ከደመወዝህ ይቆረጣል» ቢለኝ ኖሮ የኮንቴይነሩን ቁጥር አዋሽ እስኪደርሱ እጠብቅ ነበር።

በስምሪት ክፍል የምትሠሩ፣ ዕቃ የምታስጭኑ፣ ታክሲ የምትጠሩ፣ ባላችሁን ወይም ልጃችሁን መንገድ የሸኛችሁ ሁሉ፦ ያነሳላችሁ ሰው «እየነዳሁ ነው» ካለ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርሱ ዝጉት። የአደጋ ሪፖርት ቅጽ የምታዘጋጁ ደግሞ «የአደጋው መንስኤ» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጨምሩልን፦ በዚያች ሰዓት የደወለለት ማን ነበር?