ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ አድራሻ፣ ለእያንዳንዱ ማሳ መልስ

ጅማ ባቡር ገብቶባት አያውቅም። የአጋሮ፣ የሊሙ፣ የጌራና የማና ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው በመኪና ነው። ሰሞኑን ግን አንድ የባቡር ነገር ሐሳቤን ይዞታል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ሞዴል ባቡር ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ሲዞር የሚለወጠው ነገር። ስለ ቡናችን ሳስበው የኖርኩትን ጉዳይ ጥርት አድርጎ አሳይቶኛል።

በአናሎግ ኃይሉም ትእዛዙም አንድ ነው። መቆጣጠሪያው ወደ ሐዲዱ የሚልከው ኤሌክትሪክ እስከ 12 ቮልት ድረስ ከፍ ሲል ባቡሩ ይፈጥናል፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሐዲዱ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቭ ካለ ሁለቱም አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይቆማሉ።

በዲጂታል ሐዲዱ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል ይይዛል፤ ትእዛዙ በዚያው ኃይል ላይ በ0 እና በ1 ተጽፎ ይጓዛል። እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ውስጥ የራሱ ቁጥር ያለው ዲኮደር ይገጠማል። ቁጥር 3 ሲጠራ 3 ብቻ ይነሣል። ለውጡ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ፍጥነት አልተጨመረም፤ አድራሻ ተጨመረ።

ወደ ቡናችን ልምጣ። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ ሻጩ ገንዘቡን በወቅቱ እንዲያገኝ ተደርጓል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መጋዘን የገባው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ሲቀላቀል የገበሬው ስም እዚያው ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በገበያው በጩኸት ይካሄድ የነበረው ግብይት በኮምፒውተር ተተካ፤ ያም ሆኖ ለማሳው አድራሻ አልሰጠውም። ገበሬው በስሙ እንዲታወቅ በሩን ይበልጥ ያሰፋው ቡና አምራቹ ከውጭ ገዢ ጋር በቀጥታ እንዲገናኝ የረዳው አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው።

አድራሻ መስጠት ለጅማ እንግዳ አይደለም። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገሩን ባስጨነቀ ጊዜ ጅማ ያለው የመልኮ የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን አንድ በአንድ ለይተው ቁጥር ሰጧቸው። ዛሬ በየጓሮው ያሉት የቡና ዝርያዎች 74110 እና 74112 ስማቸው ከዚያ የመጣ ነው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። አንዷን ዛፍ ከሌላዋ መለየት ቡናችንን አትርፏል።

አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ቡናው የበቀለበት ማሳ በጂፒኤስ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ማሳችን አድራሻ ሊያገኝ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ነው። ቀደም ባለው የዲጂታል ባቡር አሠራር ሎኮሞቲቩ ትእዛዝ ይቀበላል እንጂ አይመልስም ነበር። ሬልኮም የሚባለው ዘዴ ሲመጣ ግን የት እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በዚያው ሐዲድ መልሶ ይናገር ጀመር።

የጎማና የሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ገበሬም እንዲህ ያለ መልስ ይገባዋል። የማሳውን ልኬት ከሰጠ፣ ቡናው በቅምሻ ስንት ነጥብ እንዳገኘና በመጨረሻ በስንት እንደተሸጠ በስልኩ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይመለስለት። ማኅበራት፣ ዩኒየኖችና ላኪዎች፣ ልኬት ለመሰብሰብ ወደ ማሳው ስትሄዱ ይህን መልስ የምታደርሱበትንም መንገድ አብራችሁ አዘጋጁ። እናንተ ገበሬዎችም ስትመዘገቡ ጠይቁ፦ «የእኔን ወስዳችኋል፤ የቡናዬን ውጤት መቼ ነው የምትነግሩኝ?»