አንድ መልክ

የአባቴን ግጥሞች ያኖርሁበት ድረ ገጽ አርባ ሦስት ገጾች አሉት። በስድስት ዓመት ውስጥ፣ ባገኘኋት ትርፍ ምሽት ሁሉ አንድ አንድ እያልሁ የሠራኋቸው ናቸውና እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም ነበር። የፊተኞቹ ርእሳቸው ሰማያዊ ነው፤ ኋላ ቡናማ ወደድሁ፤ አንዱ ላይማ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የአበባ ሥዕል ለጥፌያለሁ። ፊደሉም ጥቂቱ ኒያላ፣ ጥቂቱ አቢሲኒካ፣ የቀረው እንዳጋጠመው። እኅቴ አይታ «የአባዬ ግጥሞች የሰርግ መጥሪያ መሰሉ» ስትለኝ አፈርሁ።

አባቴ በልጅነቱ ያያቸውን ቁም ጸሐፊዎች እያነሣ ያጫውተን ነበር። ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት የብራናውን ጠርዝ በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳም ቀለም በሌለው ሹል ነገር ያሰምራል። ጥቁሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስሞች ነው። መስመሩን ልብ የሚለው አንባቢ ጥቂት ነው፤ ቅጠል በተገለጠ ቁጥር ግን ዐይን ያንኑ ሥርዓት ያገኛል።

ድረ ገጽም የራሱ ወስፌ አለው። ሲ.ኤስ.ኤስ. ይሉታል፤ የመጀመሪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. መጨረሻ ወጣ። ቀለሙን፣ የፊደሉን ዓይነትና መጠን፣ የኅዳጉን ስፋት በየገጹ ከመደጋገም በአንድ ፋይል ጽፎ ገጾቹን ሁሉ ወደዚያ ማመልከት ነው። እዚያ አንዲት ቃል ሲለወጥ አርባ ሦስቱም ተከትለው ይለወጣሉ።

በሁለት ሌሊት ጨረስሁት። ርእሱን ሁሉ ጥቁር ቀይ፣ ፊደሉን አንድ ዓይነት አደረግሁ፤ ግጥሞቹን ገጹ መካከል አቆምኋቸው። ቆሻሻ የመሰለኝንም ምልክት ሁሉ ጠረግሁ። በማግሥቱ ለእናቴ አሳየኋት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረችና ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቆመች።

«አባትህ እዚህ ጋ ያርፍ ነበር እኮ» አለችኝ።

አባቴ ስንኙን ከአጋማሹ ላይ በሰፊ ባዶ ቦታ ይከፍለው ነበር። ብራውዘር ደግሞ ተከታትለው የመጡ ባዶ ቦታዎችን እንደ አንድ ይቆጥራል። ቀድሞ ያንን ክፍተት በግድ የሚያስጠብቅ ምልክት ደርድሬ ኖሯል፤ ቆሻሻ ብዬ የጠረግሁት እርሱን ነው። መካከል ላይ መቆማቸውም ገብ ብለው የሚጀምሩትን የመዝጊያ ስንኞች ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሏቸዋል። ያማረው የኔ ሥርዓት ነበር፤ የእርሱ ትንፋሽ ጠፍቷል።

በእርሳስ የተጻፈውን ደብተሩን አውጥቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንኝ በስንኝ አስተያየሁ። ፋይሉ ላይ የጨመርሁት ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ግጥም ከግራ ይጀምር፤ ባዶ ቦታው እንደተጻፈ ይጠበቅ። ክፍተቶቹን መመለስ ግን የእጅ ሥራ ነበር፤ አንዳንዱ ጋ እናቴን እየጠራሁ «እዚህስ ያርፍ ነበር?» እያልሁ።

አሁን አርባ ሁለቱ ገጾች አንድ መልክ አላቸው። የመጀመሪያውን አልነካሁትም። አባቴ በዐይኑ ያየው እርሱን ብቻ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ፣ «ሰማያዊው ደኅና ነው» ብሎኝ ነበር።