ሴቪልያ በምሽት፤ የትንንሽ ሳሕኖች ከተማ

ወደ እስፓኝ አገር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያ ግር የሚለው የሰዓቱ ነገር ነው። እኛ ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ሰዓት ሆነ እንላለን። የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት በ1940 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የአገሩን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ፊት አስኪዶት ስለ ነበርና እስከ ዛሬም ስላልተመለሰ፣ በሰኔ ወር በሴቪልያ ከተማ ፀሐይ የምትገባው በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። እንግዲህ ራትም ይዘገያል። እስከዚያው ሆድ ባዶውን እንዳይቈይ የከተማው ሰው «ታፓ» የሚባለውን ትንሽ ምግብ ከመጠጥ ጋራ እየቀመሰ ከአንዱ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል።

ታፓ ማለት ክዳን ማለት ነው። ዱሮ ዝንብ እንዳይገባበት የወይን ጠጁን ብርጭቆ በቁራሽ ዳቦ ወይም በሥጋ ይከድኑት ነበር ብለው ይተርካሉ። ዛሬ እንግዶችን ሰብስቦ ይህን ዙረት የሚመራ ሰው በከተማው አይታጣም። መሪ የሚያስፈልገውም የሚጣፍጠውን ቤት ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ከሳሕኑ በስተኋላ ያለውን ታሪክ ለመስማትም ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ጕዞውን ከ1670 ጀምሮ ከቈየው «ኤል ሪንኮንሲዮ» ከተባለው ቤት እንጀምር። እዚህ አሳላፊው የእያንዳንዱን ሰው ሒሳብ በጠመኔ በእንጨቱ ባንኮኒ ላይ ይጽፋል፤ ሲከፈለውም ያብሰዋል። ሰዉ የሚበላው ባንኮኒውን ተደግፎ፣ ቆሞ ነው። ከሚቀርቡት አንዱ ሽምብራ ከስፒናች ጋራ ነው፤ ስፒናች ቆስጣን የሚመስል ቅጠል ነው። ነጭ ሽንኩርትና ከሙን ገብቶበት በወይራ ዘይት ስለሚሠራ ለእኛ ምላስ እንግዳ አይሆንም። እነርሱም በዐቢይ ጾማቸው ይወዱታል።

ስፒናችን ወደ አገሩ ያመጡት ዐረቦች ናቸው። እስፓኞች ዘይትን «አሴይቴ» ሲሉ ቃሉን የወሰዱት ከዐረብኛው «አዝ ዘይት» ነው፤ የእኛም «ዘይት» የዚያው ቃል ዘመድ ነው። እስላሞች ሴቪልያን ከ712 እስከ 1248 ገዝተዋታልና ነገሩ አያስደንቅም።

ከዚያ ወደ ደቡብ በጠባቡ መንገድ ሲወርዱ የሳንታ ማሪያ ላ ብላንካ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ይህ ቤት አስቀድሞ የአይሁድ ምኵራብ ነበረ። በ1391 ሕዝቡ በአይሁድ ሰፈር ላይ ተነሥቶ ብዙዎችን ፈጀ፤ የተረፉትም ብዙዎቹ በፍርሃት ተጠመቁ። ከዚህ ትንሽ ራቅ ብሎ ሂራልዳ የተባለው ግንብ ይታያል። በ1198 የተፈጸመ የመስጊድ ሚናራ ሲሆን፣ ዛሬ የካቴድራሉ ደወል ቤት ነው። በውስጡ በደረጃ ፈንታ ዘንበል ያለ መንገድ ስላለው በፈረስ ይወጣበት ነበር ይባላል።

በብዙ መጠጥ ቤቶች ጣራ ላይ «ሐሞን» የሚባለው በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን ተሰቅሎ ይታያል። በአንድ ዘመን የአሳማ ሥጋ መብላትና አለመብላት የሞትና የሕይወት ነገር ነበር። የሃይማኖት መርማሪዎቹ በ1480 ለሴቪልያ ከተሾሙ በኋላ፣ የተጠመቀ ሰው የአሳማ ሥጋ አለመብላቱ በስውር አይሁዳዊ ወይም እስላም ለመሆኑ እንደ ምልክት ይቈጠርበት ጀመር። ጎረቤት ጎረቤቱን በወጡ ይከሰው ነበር። አይሁድ በ1492 ከአገሩ ተባረሩ፤ ከእስላምነት የተጠመቁት ሰዎች ልጆችም ከ1609 እስከ 1614 ድረስ ተሰደዱ። ሰዎቹ ተባረሩ፤ ሽምብራው፣ ከሙኑና ዘይቱ ግን በድስቱ ውስጥ ቀሩ።

በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም በልማድ አሳማ ስለማይበላ፣ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ ሳያዝ በፊት ይጠይቅ። «ሳልሞሬሆ» በሚሉት በቀዝቃዛው የቲማቲም ሾርባ ላይ እንኳ ሐሞን ከትፈው ይነሰንሱበታል። ደግሞም ታፓ ትንሹ፣ «ሜዲያ ራሲዮን» መካከለኛው፣ «ራሲዮን» ትልቁ መሆኑን ካወቀ ኪሱ አይጎዳም።

ዙረቱ የሚያልቀው ወንዙን ተሻግሮ በትሪያና ሰፈር ነው። እስከዚህ ያለው መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በ1852 ከተፈጸመው የብረት ድልድይ ማዶ፣ ከገበያው አጠገብ፣ የሳን ሆርሔ ምሽግ ፍርስራሽ አለ፤ የሃይማኖት መርማሪዎቹ ችሎትና ወህኒ ቤት ይህ ነበር። ዛሬ በዚያው አካባቢ እንግዳው «አሳማ አልበላም» ቢል፣ አሳላፊው ምክንያቱን ሳይጠይቅ የወይራ ፍሬ ወይም ዓሣ ያቀርብለታል።