የገደሉ ጎረቤቶቼ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ የተጓዘ መንገደኛ፥ ደጋው ድንገት አልቆበት ምድሪቱ ከእግሩ ሥር ወደ ቆላው ስትወርድ ያያል። ጎረቤላ ያለችው በዚሁ አፋፍ ነው። በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ ከዩኒቨርሲቲ ይዣቸው ከመጣሁ መጻሕፍት በቀር ወዳጅ አልነበረኝምና፥ ቅዳሜና እሑድ ከገደሉ አፋፍ ተቀምጬ መዋል ለመድሁ። ወዳጆቼንም ያገኘሁት እዚያው ነው፤ አንድ ጥንድ ጥቁር ንስር።

እነዚህ ንስሮች መላ አካላቸው እንደ ከሰል የጠቆረ ሆኖ፥ ጀርባቸው ላይ ነጭ ምልክት አላቸው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከማዶው ዓለት ላይ ያለውን አሮጌ የጭራሮ ጎጆ ሲያድሱ አየኋቸው። ለምለም ቅጠል እያመጡ ሲያነጥፉበት፥ ለእንግዳ ቄጠማ የሚጎዘጉዙ ባለቤቶች ይመስሉ ነበር። በታኅሣሥ ሁለት ዕንቁላል ታየ፤ ባልና ሚስት እየተፈራረቁ 45 ቀን ያህል ታቀፉት።

አንድ ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ፥ «ልጄ፥ የግልገል ሌባ ተቀምጠህ ታያለህን?» አሉኝ። ከገደሉ ሥር የወደቀውን አጥንት ለቅሜ አመጣሁላቸው፤ ከጥቂቱ በቀር የሽኮኮ ነበር። «ሽኮኮውንስ ይብላልን» ብለው ሳቁና፥ ከክምሩ መካከል አንድ የግልገል እግር አንሥተው አሳዩኝ። መልስ አጣሁ።

በስኮትላንድ አገር፥ ሎክ ጋርተን በሚባል ሐይቅ አጠገብ፥ ዓሣ አዳኝ አሞራዎች በ1954 እ.ኤ.አ. ተመልሰው ጎጆ ሠሩ። የዕንቁላል ሌባ ስላስቸገረም ሰዎች ሌሊት ሳይቀር በተራ ይጠብቋቸው ነበር። የኔዎቹ ግን ከውጭ የመጣ ሌባ አልነካቸውም፤ ጉዳቱ የተነሣው ከጎጆው ውስጥ ነው።

ታናሹ ጫጩት ከተፈለፈለ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ታላቁ፥ በሦስት ቀን ብቻ የሚበልጠው፥ ራሱን በመንቆሩ ደጋግሞ ይወጋው ጀመር። ሥጋው በአጠገባቸው ተርፎ ተቀምጧል። እናቲቱም ቆማ ታያለች። አብሮኝ የነበረ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ፥ «ጋሼ፥ ገመድ አምጥተን እንውረድና ታናሹን እናውጣው» አለኝ። እኔም የተማርሁትን ነገርሁት፤ የዚህ ንስር ጠባይ እንዲህ እንደ ሆነ፥ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ለመብረር እንደሚበቃ፥ ሁለተኛው ዕንቁላል የመጀመሪያው ሳይፈለፈል ቢቀር መጠባበቂያ እንደ ሆነ አስረዳሁት።

«መጠባበቂያ ብቻ?» አለና ፊቱን አዞረ። በሦስተኛው ቀን ታናሹ አልተንቀሳቀሰም።

እኔ በኵር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ከብት የጠበቀ፥ የአባታችንም ማሳ ለሁለት ደብተር ስላልበቃ ነው። ይህን ለተማሪዬ አልነገርሁትም።

የተረፈው ጫጩት አደገ፤ ነጭ ላባው ወደ ቡናማ ተለወጠ፤ ፀሐይ ሲበረታ እናቱ ክንፏን እንደ ጃንጥላ ዘርግታ ታጠላለት ነበር። በግንቦት መጀመሪያ፥ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ሲሞላው፥ ከጎጆው ዘልሎ ነፋሱ ላይ ተንሳፈፈ። ተማሪዎቼ ጮኹ፤ እኔም ጮኽሁ፤ አላፍርበትም።

ማታ ለወንድሜ ስልክ ደውዬ ነገሩን ሁሉ አወራሁለት። እርሱም ደስ ብሎት፥ «ወንድም ጋሼ፥ ስንት ጫጩት ነበራቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አንድ» አልሁት።