ጠንካራው ማን ነው?



እኔ ኩየራ የምኖር የኢማም ረዳት ነኝ። ከዐስር በኋላ ልጆችን አቀራለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ድብድብ ነው። አትገረሙ! የከተማችን ወጣት ሻይ ቤት ሲቀመጥ ከኳስ ቀጥሎ የሚከራከረው ስለ ኤምኤምኤ ነው።

አንዱ «ኻቢብ ነው፤ 29 ተጋጥሞ 29 አሸንፏል» ይላል። ሌላው «ጆን ጆንስ በሁለት ክብደት ቀበቶ ወስዷል፤ ማን ይደርስበታል?» ይላል። አንዱ ደግሞ «በ2021 ኡስማን፣ አደሳኛና ንጋኑ ሦስቱም አፍሪካውያን ሻምፒዮን ነበሩ፤ የወደፊቱ የእኛ ነው» ይላል።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም የኻቢብ ወገን ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 ማክግሪገርን በአራተኛው ዙር አንቆ እጅ ሲያሰጠው እሁድ ጠዋት ነበር። ከሱብሒ በኋላ አንድ ስልክ ከበን አየን። ከዚያ አጥሩን ዘሎ የተጋጣሚው ጓድ ላይ ሲወርድ እኛ ጮህን። ሃይማኖቱንና አባቱን ተሰድቦበታልና «ደግ አደረገ» አልን። ያንኑ ለልጆቹም በኩራት ተረኩላቸው።

ባለፈው ክረምት ሁለት ተማሪዎቼ መድረሳው ግቢ ውስጥ «ኻቢብና ማክግሪገር» ሲጫወቱ ትልቁ ትንሹን አነቀው። ትንሹ በእጁ መታ መታ አደረገ፤ ትልቁ ግን አልለቀቀም። ልጁ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሮጬ ስደርስ ፊቱ ተለውጧል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይኑን ገለጠ፤ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ትልቁን ልጅ ኮሌታውን ይዤ በጥፊ ልለው እጄን አነሳሁ።

ልጁ እየተንቀጠቀጠ «ኡስታዝ፣ ፊት ይመታል እንዴ?» አለኝ።

ረሱል ﷺ ፊት መምታትን እንደከለከሉ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ያውም በዚያው ሳምንት። እጄ አየር ላይ ቀረ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠንካራ ማለት ሰውን በትግል የሚጥል ሳይሆን በንዴት ጊዜ ራሱን የሚቆጣጠር መሆኑን የሚያስተምረውን ሐዲስ ስንት ጊዜ አቅርቻለሁ! ለካ አፌ ላይ ብቻ ነበር። ስለ ኻቢብም ግማሹን ብቻ ነው የተረኩት። አጥሩን በመዝለሉ 500,000 ዶላር ተቀጥቷል፤ ለዘጠኝ ወርም ታግዷል። እሱ ራሱ በዚያው ሌሊት ይቅርታ ጠይቋል፤ አባቱ ቤት ሲገባ እንደማይለቁትም ተናግሯል። በ2020 አባቱ ከሞቱ በኋላ አንድ ጊዜ ተጋጥሞ፣ ያለ አባቱ እንደማይጋጠም ለእናቱ በገባው ቃል ጓንቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። ለልጆች መነገር ያለበት ይሄ ነበር።

«ታዲያ ብይኑ ምንድነው?» ለምትሉ፤ ትግል በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ረሱል ﷺ ሩካና ከሚባል ኃይለኛ ታጋይ ጋር እንደታገሉ ተዘግቧል። ነገር ግን በ1987 የመካው የፊቅህ ጉባኤ ቦክስንና አንዱ ሌላውን እንዲጎዳ የሚፈቀድበትን ነፃ ትግል ከልክሏል። ፊትና ጭንቅላት መደብደብ ቀልድ አይደለም። ዝርዝሩን ዓሊሞችን ጠይቁ፤ እኔ ረዳት ነኝ።

ስለ ወደፊቱም እንነጋገር ካልን፤ ዩኤፍሲ በ1993 ሲጀመር ጓንት ግዴታ አልነበረም፤ የክብደት ምድብም አልነበረም። ዛሬ ዳኛው ያስቆማል፣ ሐኪም አጠገብ ይቆማል። ስፖርቱ የኖረው ልጓም ስለገባለት ነው። የእኛ ግቢ ግን ዳኛም ሐኪምም አልነበረውም። አስተማሪው እንኳ ልጓሙን ጥሎ ነበር።

በማግስቱ ሁሉም ልጆች ፊት ያን ልጅ ይቅርታ ጠየቅኩት። አቀርቅሮ ዝም አለ። ከዚያ ተነስቶ ያነቀውን ልጅ አቀፈው። አሁን ጁሙዓ ከሰዓት ሜዳ ላይ ይታገላሉ፤ ማነቅ የለም፣ ፊት መንካት የለም፣ «በቃ» ያለ ወዲያው ይለቀቃል። ዳኛው እኔ ነኝ።

ሻይ ቤት ያለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። «ኡስታዝ፣ ከሁሉም ጠንካራው ማን ነው?» ሲሉኝ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ኮሌታው ተይዞ፣ እየፈራ፣ እውነቱን የተናገረው።

ወላሁ አዕለም።