የ50 ቆርቆሮ ቤት

ባደግኩባት ትንሽ ከተማ «እገሌ የ50 ቆርቆሮ ቤት ሠራ» ከተባለ የቤቱም ስፋት፣ የባለቤቱም ኪስ አብሮ ተነገረ ማለት ነው። የአናጢው ዋጋም ከዚያው ቁጥር ይነሣ ነበር። ሰው ይቀመጥና ባለቤቱና አናጢው በቁርጥ ይስማማሉ፤ ቀብድ ይሰጠዋል፤ ምሳና ጠላ በባለቤቱ ነው።

የእኛ የልጆች ድርሻ ሚስማር ማቅናት ነበር። ከፈረሰ አጥር የተነቀለውን ቆልማማ ሚስማር ድንጋይ ላይ አጋድመን እንቀጠቅጣለን፤ ጣታችንም አብሮ ይቀጠቀጣል። ባለሙያው የባህር ዛፉን ቋሚ እግር ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል፤ ጉድጓድ ውስጥ ያቆመውና በቱንቢ አይቶ ዙሪያውን በድንጋይ ይጠቀጥቃል። ማገሩን ከውስጥም ከውጭም ይመታል። ጣራ ላይ ከወጣ በኋላ ወሬ የለም፤ ሚስማሩ ከንፈሩ ላይ ነዋ! ያልወደደውን ወራጅ ነቅሎ ያወርደዋል። ባለቤቱ ከታች «ግዴለም፣ ይሁን» ቢልም የሚሰማው የለም።

ጭቃው በጭድ ተቦክቶ በደቦ ይመረጋል። ቤቱ ቆርቆሮ በለበሰ ቀን ድግስ አለ፤ ባለሙያውም ከሽማግሌዎቹ ጎን ይቀመጣል። ሀብታም ግን አልነበረም። ክረምት ሲገባ የቤት ሥራ ይቆምና ወንበር እየጠገነ፣ የሬሳ ሳጥን እየሠራ ይከርማል።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አናጢ የምታገኙት ካሳፎርማ ሲመታ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ሥራው በርክቶ፣ ከየገጠሩ መጋዙን በማዳበሪያ ጠቅልሎ የመጣው ወጣት ብዙ ነበር። ዓምድና ሶሌታ ያለ አናጢ አይሞላም። አርማታው ሲደርቅ ግን የመታው ሁሉ ይነቀላል፤ «ይህን ቤት እኔ ሠራሁት» ብሎ ለልጁ የሚያሳየው አንድ እንጨት አይቀርለትም። ክፍያው በካሬ ነው፤ ሰብ ኮንትራክተሩ የድርሻውን ካነሣ በኋላ የተረፈው ማለቴ ነው። ሲሚንቶ ከጠፋ ደግሞ ካሬ የሚባል ነገር የለም።

ሌላውን ሌሎች ወስደውታል። የቪላውን ጣራ በያጅ በብረት ይሠራዋል፤ በርና መስኮቱ የአሉሚኒየም ሠሪው ነው። በትልልቅ ሳይቶች በካሳፎርማው ፋንታ የአሉሚኒየም ፎርም ገብቶ ግድግዳና ሶሌታ አንድ ላይ ይሞላል። ቁርጥራጩ በልክ ተሠርቶ ስለሚመጣ ገጣሚው መጋዝ አያሻውም። ገንዘቡ ያለው ፊኒሺንግ ላይ ነው፤ የኪችን ካቢኔትና ቁም ሣጥን የሚሠራ ሰው ከካሳፎርማው ሰው በተሻለ ያድራል። ለዚያ ግን ማሽን ያስፈልጋል፤ ማሽን ደግሞ መጋዝ ጠቅልሎ ከመጣ ሰው እጅ ሩቅ ነው።

የአናጢው የቀን ሒሳብ በብር ከተቆጠረ ያኔ ከነበረው ብዙ እጥፍ ነው። እኛ ብዛቱን እናያለን፤ እሱ ጤፍ ቤት ሲደርስ ያውቀዋል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ለግሉ ዘርፍ ያ ወለል ሳይነጠፍ ዓመታት አለፉ። የሰው ወለል ሲሠራ ለሚውል ሰው ይህ ትንሽ ይከነክናል።

እኛስ ብንሆን? ልጃችን «አናጢ እሆናለሁ» ቢለን «ኢንጂነር ማለትህ ነው» ብለን እናርመዋለን። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ስንልከውም ኮምፒዩተር እንዲማር ነው። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ወረቀት የሌለው አንጋፋ ባለሙያ ደግሞ መዶሻ ይዞ የተወለደ ቢመስልም ትልቅ ሳይት በር ላይ «ወረቀትህን» ይባላል። ከዱባይ ለመጣ ሴራሚክ የተባሉትን ቆጥረው የሚከፍሉ ባለ ቪላ አውቃለሁ። በአናጢው ሒሳብ ላይ ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲከራከሩ ዋሉ፤ በመጨረሻም «ሰኞ ብቅ በል» አሉት።

ሳይት ላይ ሒሳብ የሚዘጋው ቅዳሜ ነው። የእሑድ አስቤዛው፣ የቤት ኪራዩ፣ ለገጠር የሚላከው ሁሉ ቅዳሜን ይጠብቃል። ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ የአናጢውን ገንዘብ ቅዳሜ ማታ ስጡት። ሰኞ አትበሉት።