የበግ ላት

የፍየል ሥጋ ይጣፍጣል ብዬ ለማስመስከር ስል አማቴን አታልያለሁ። መጀመሪያ ቀልድ ነው አልኩት፤ ቀጥሎ ትንሽ ፈተና ነው አልኩ፤ ባለቤቴ ቅር ሲለው ደግሞ «ምን አደረግኳቸው? ሥጋ ነው ያበላኋቸው» ብዬ ተቆጣሁ። እንዲህ እያልኩ ሳስታምመው ከርሜ ነው ዛሬ በስሙ የምጠራው።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። እናቴ ቀፊራ ገበያ ሥጋ ግዢ ብላ ስትልከኝ «የፍየል» ብላ አትጨምርም ነበር። ሥጋ ከተባለ ፍየል ነው። ለሐኒዱም፣ ለሾርባውም፣ ለሩዙም የሚመጣው እሱ ነው። ባለቤቴ ግን የመንዝ ሰው ነው። መንዝ የበግ አገር ነው፤ የሚለበሰው ባናም፣ የዓመት በዓሉ አልጫም ከበግ ነው የሚገኘው። ወንድሞቹ «የፍየል አገር ልጅ» ይሉኝ ነበር። እነሱ ሲስቁ እኔም እስቅ ነበር፤ ግን ሳቄ ከጥርሴ አያልፍም።

አማቴ እንዲህ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ይህን ደጋግሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ደጋግሜ የረሳሁት ይህንኑ ነው። እሳቸው ያሉት፣ እንደተጋባን ሰሞን ማዕድ ሳቀርብ፣ «ፍየል ከሆነ እኔ አይስማማኝም ልጄ፤ ሽሮም ካለ ይበቃኛል» ብቻ ነው። ክፉ ቃል የለበትም። እኔ ግን ከልጆቻቸው ቀልድ ጋር ደመርኩና ስድብ አደረግሁት። ልጆቻቸውን መጋፈጥ ስላልደፈርኩ ይሆናል። ወይም ደግሞ፣ ወደ እውነቱ የሚጠጋው ይህ ይመስለኛል፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ ልረታ የምችለው እሳቸውን ብቻ ስለነበር ነው።

በፍየል ላይ የሚወራው ሁሉ ሐሰት አይደለም። ወጠጤ የታረደበት ቤት ሽታው ቶሎ አይለቅም፤ ያልተኮላሸ ወንድ ፍየል ሴት መከተል ከጀመረ ጠረኑ ስቡ ውስጥ ሁሉ ይገባል። ሙክቱና ጥቦቱ ግን እንዲህ አይደሉም። የቀረው ጥፋት በአብዛኛው የገፋፊው ነው፤ ፀጉሩን በያዘበት እጅ ሥጋውን ሲነካ ጠረኑን አብሮ ያሻግረዋል። ደግሞም የፍየል ስብ የሚከማቸው ሆዱ ውስጥ ነው፤ ኩላሊቱን ይከባል፣ ሞራ ይሆናል፣ በሥጋው መሃል የሚገባው ጥቂት ነው። ስለዚህ በኃይለኛ እሳት ላይ ብዙ ካቆዩት ይደርቅና ጥርስ ይፈትናል። ክዳኑ ተገጥሞ፣ በለስላሳ እሳት፣ ትኩስ ውሃ ጠብ እየተደረገለት ሲበስል ግን ጅማቱ ይሟሟል፤ መረቁም ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ይሆናል። ትኩሱን መብላት ነው፤ ከቀዘቀዘ ስቡ ላንቃ ላይ ይረጋል። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች በአውሮፕላን ወደ ሳዑዲና ወደ ኤምሬትስ በአብዛኛው የሚጫነውም ከቆላ የመጣ ፍየል ነው፤ እዚያ ፈላጊው ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አንድ ቀን ቡና ላይ ቁጭ ብዬ ለአማቴ ማጫወት እችል ነበር። አላደረግሁትም፤ ሰው የነገሩትን ነገር እምቢ ማለት ይችላል።

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ቤተሰቡ እኛ ቤት ተጠራ። የፋሲካው በግ ገና አላለቀም፤ ፍሪጅ ውስጥ ሥጋውም ላቱም ነበር። ሰው ሁሉ እሱን ነው የምንበላው ብሎ ያስባል፤ እኔም እንዲያስብ ነው የፈለግሁት። ከዋዜማው የፍየል ሙክት ሥጋ ገዛሁ። አጥንት የሚያውቅ ሰው ይለያል ብዬ ብልቱን ከአጥንት ለየሁ። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላሁ፤ ውሃው ሲመጥ፣ ቅቤ በመጨመር ፋንታ የበጉን ላት አድቅቄ ከትፌ ጣልኩበት። ላቱ ቀስ እያለ ቀለጠ፣ ሽንኩርቱ መሃል ገባ፣ ቤቱም በግ በግ ሸተተ። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ሥጋው፣ ከዚያ እርዱ። ሥጋን በግ ወይም ፍየል የሚያሰኘው ከሁሉ በላይ ስቡ መሆኑን አውቅ ነበርና እጄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። ደስታዬን አልክድም።

አማቴ በሉ። አንዴ ጨለፍ አድርጌ ጨመርኩላቸው፣ በሉ። ከእጄ ጎረሱ። «እጅሽ ይባረክ፤ የበግ ነገር አሁን ገባሽ» አሉኝ። ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ምስጢሩ ከእኔ ጋር ይቀር ነበር፤ ዝም ማለት ይሻል ነበር ማለቴ ግን አይደለም፤ በደሉ ከድስቱ ላይ ነው የጀመረው። ብቻ፣ በልጆቻቸው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ፍየል ነው እኮ እማማ!» አልኩ።

ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አማቴ አፋቸው ውስጥ የነበረውን ዋጡ፤ «እንዲያ ነው?» አሉ፤ እጃቸውን ሊታጠቡ ውሃ ጠየቁ። እኔ ራሴ አስታጠብኳቸው። ይስሐቅ እንኳ በፍየል ተሸውዷል ብዬ ቀለድኩ፤ ኦሪት ዘፍጥረት 27ን ማለቴ ነው፤ ርብቃ ጠቦቶቹን አጣፍጣ የአደን ሥጋ ያስመሰለችበትን። ይስሐቅ ነገሩን ሲያውቅ እጅግ እንደተንቀጠቀጠ አልጠቀስኩም። የተንቀጠቀጠው በሥጋው ጣዕም እንዳልነበረ አውቃለሁ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ለወራት ወሬዬ ይህ ሆነ። ድሬዳዋ ለዘመዶቼ ደውዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው እያልኩ አወራሁ። አንዲት አክስቴ ብቻ «ላት ጨምረሽበት?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። «ታዲያ ምኑን ፍየል በሉት?» አለች። ሳቅሁና ስልኩን ዘጋሁ፤ ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ አለቀቀኝም። እውነቷን ነው። ለፍየል ቆሜያለሁ ብዬ ፍየሉን በበግ ስብ ሸፍኜ፣ አጥንቱን ደብቄ፣ ስሙን ለውጬ ነው ያቀረብኩት። የባለቤቴ ወንድሞች በቀልድ ያፈሩበትን እኔ የምር አፍሬበታለሁ። አማቴ ያመሰገኑት ላታቸውን ነበር።

ይህ ግን የኩራቴ ቁስል ነው፤ ገና ጸጸት አልነበረም። ጸጸት የመጣው በፍልሰታ ነው። አማቴ ከቅዳሴ ወጥተው እኛ ቤት አረፉ። ሽሮ ነው ያቀረብኩት፤ በዘይት የተሠራ። እንደ ወትሮው ጠቅልዬ ጉርሻ ዘረጋሁ። እጄን አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩ፤ ቀስ ብለው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ቅቤ የለበትም አይደል ልጄ?» አሉ። «በማርያም የለበትም» አልኩ። ጎረሱ።

ለሽሮ ማልኩ። እኒህ ሴት ድሮ ከእጄ ሲጎርሱ አይተው አያውቁም ነበር። ፍየልን በግ ያለች ምራት ቅቤን ዘይት ልትል ትችላለች፤ ይህን ማሰባቸው ልክ ነው፤ እኔም ብሆን አስብ ነበር። አንድ ምሳ ያበላሸሁ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን በልጃቸው ቤት ጾማቸውን እርግጠኛ ሆነው መጾም አቅቷቸዋል።

ያን ዕለት ማታ ስለ ፍየሉ ይቅርታ ብያቸዋለሁ። «የቱን ፍየል?» አሉኝ። ረስተውት ቢሆን እጅግ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስለዚህም አላምነውም።

አሁን ፍየል ስሠራ ፍየል ብዬ ነው የማቀርበው፤ ከነአጥንቱ፣ ያለ ላት። ከቁንዶ በርበሬና ከሄል በቀር ብዙ ነገር አልጨምርበትም። ከባለቤቴ ወንድሞች አንዱ ደጋግሞ ያስጨምራል፤ ሌላው ቀምሶ ይተወዋል፤ አላባብለውም። አማቴ ሲመጡ ከጎን ሽሮ ይኖራል። ፍየል ለምን እንደማይበሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባለቤቴን ጠየቅሁት፤ እሱም አያውቅም። እሳቸውን ልጠይቅ አንዴ ሁለቴ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ጥያቄው ከእኔ ሲመጣ ምክንያት አምጪ የማለት ያህል ይሆንብኛል። አይበሉም፤ በቃ።